ፍርዱ ለእንቁጣጣሽ ተቀጥሯል

ሴንት ሉዊስ ፓርክ፣ ጁላይ 21፣ 2025

ለእትዬ ማሚት፣

እንዴት ከረምሽ አልልሽም፤ ከተለያየን ገና ዘጠኝ ቀናችን ነው። ጋሽ አሳምነውስ? ያ የሣር ማጨጃ ተሠራለት ወይስ አሁንም እየተሳደበው ነው?

እንዴት ገባችሁ ላልሽው፣ በሰላም ገብተናል። ሀይዌይ ሠላሳ አምስትን ይዘን ሰባት ሰዓት ድራይቭ አደረግን። አዮዋ ላይ ቂርቆስ «ዓይኔን ላሳርፍ» ብሎ ነዳጅ ማደያ አጠገብ አቆመና ሲያንኮራፋ ሶልያና ቪዲዮ ቀረጸችው። ባሌ ነው ብዬ ዝም አልኩ እንጂ ለዕድሩ ሁሉ የሚላክ ነበር።

የላክሽው ካርቶን ትናንት ደረሰ። የልጅቷ ዋና ልብስ፣ የረሳሁት ቻርጀር፣ በርበሬው፣ ሁሉም ደርሷል፤ እግዜር ይስጥልኝ። ግን ከበርበሬው ሥር በሶፍት የተጠቀለለውን ሳገኝ ክው አልኩ። የአንገት መስቀልሽን ለሶልያና ለምን ላክሽላት? እማዬ የሰጠችሽን! እኔ ለሠርጌ ቀን ብቻ አውሺኝ ብዬሽ የከለከልሽኝን!

ሶልያና ለአባባ የሚላከውን ሠንጠረዥ ጀምራለች። ትልቅ ካርቶን ላይ ባንድ በኩል የኛውን መዝናኛ ፓርክ ሻኮፒ፣ በሌላው የእናንተውን ካንሳስ ሲቲ ብላ ጽፋለች። አባባን ታውቂዋለሽ፤ ሠላሳ ዓመት የፍርድ ቤት ሬጅስትራር ሆኖ አንድ ቀን ሳይፈርድ ጡረታ ወጣ፤ አሁን ቢሾፍቱ ቁጭ ብሎ በእኛ ላይ ሊፈርድ ነው። «ባለቤታቸው አንድ፣ መግቢያ ፓሳቸው አንድ፣ እህትማማች ፓርኮች ከሆኑ፣ የማንኛችሁ ይበልጣል?» አለ። አምና እናንተ እኛ ጋ መጣችሁ፣ ዘንድሮ እኛ እናንተ ጋ መጣን፤ እንግዲህ መዝገቡ ተሟልቷል።

ክርክሬን ላስመዝግብ። የኛው ሜዳ ነው፤ ልጅ ቢጠፋ ከሩቅ ይታያል። የእንጨቱ ሮለርኮስተር እንደ አሮጌ አልጋ ይንቋቋል፣ ደስታው እሱ ነው። የእናንተው ዛፍ አለው፣ ጥላ አለው፣ አልክድም፤ ግን ያ ሁሉ ዳገት ለእግር ነው ለመኪና? ረጅሙ የብረት ባቡር ሁለቱም ጋ አለ። እኔን ሁለቱም ጋ እኩል ነው ያስጮኸኝ።

አሁን ወደ ጭንቀቴ ልምጣ። እትዬ፣ ለምን እንደዚያ ደግ ሆንሽ? አምስት ቀን ሙሉ አንዴ እንኳ አልተቆጣሽኝም። ወጥሽ ጨው በዛበት ስልሽ «እውነትሽን ነው» አልሽ። አንቺ! የፓርኩ በር ላይ ስንለያይ ደግሞ ሶልያናን አቅፈሽ ፊትሽን አዞርሽ። ከዚያ ወዲህ ቢሾፍቱ ሦስት ጊዜ ደወልኩ። ሦስቱንም ጊዜ ያነሳው ተከራዩ ባይሳ ነው፤ «አባባ ተኝተዋል» ይለኛል። አባባ በቀን መተኛት የጀመረው መቼ ነው?

መርዶ ይዘሽ ነው? ልጅቷ ቫኬሽኗን ትጨርስ ብለሽ ይዘሽብኝ ነው? ስልክ ላይ እንዳልጠይቅሽ ስቀሽ ስልኩን ለጋሽ አሳምነው ሰጥተሽ ታመልጫለሽ። አባባ ራሱ «ሰው በአፉ ያመልጣል፣ በጽሑፍ ይያዛል» ይል የለ? ስለዚህ ጻፊልኝ።

ታናሽሽ ዮሐና


ካንሳስ ሲቲ፣ ጁላይ 28፣ 2025

ለዮዲዬ፣

ለጤናሽ እንደምን ነሽ? እኛ ደህና ነን። ማጨጃው አልተሠራም፤ አሳምነው ጎረቤቱን እየለመነ ያሳጭዳል።

ምን ነካሽ አንቺ ልጅ! በአባቴ ላይ መርዶ አታሟርቺ፣ ምላስሽን ንከሺ። አባባ ደህና ነው። ትናንት አናግሬዋለሁ። ዝናቡ ስለበዛ ብርድ ልብስ ውስጥ ገብቶ ሬዲዮ ይሰማል፤ ስልኩን ባይሳ ጋ የሚተወው ቻርጅ ማድረግ ስለሰለቸው ነው። ስትደውዪ «ቀስቅሰው» በይው፣ ያኔ አባባ ራሱ ይቆጣሻል።

ደግ ሆንሽ ብሎ ክስ አሁን ገና ሰማሁ። ብቆጣሽ «እትዬ ትቆጣለች»፣ ባልቆጣሽ «እትዬ መርዶ ይዛለች»። ታዲያ ምን ልሁንልሽ? ጨውም በዝቶ ነበር።

ፓርኩ ውስጥ ሳልሳፈር ቦርሳ ይዤ መቀመጤን ለቂርቆስ አንስተሽ እንደነበር ከራሱ ሰምቻለሁ። ጉልበቴን ነው ያመመኝ። ዳገት ነው ብለሽ የለ ራስሽ? አንድ ሰው ደግሞ ቦርሳ መያዝ አለበት። የናንተ ስልክ፣ የናንተ ጫማ፣ የቂርቆስ መነጽር፣ ሁሉ እኔ ጭን ላይ ነበር።

መስቀሉን ልጅቷ ስለወደደችው ነው። አንቺን የከለከልኩሽ ስለምትጥዪ ነው።

ለሠንጠረዡ፣ የእኔ ክርክር አጭር ነው። እኛ ጋ ጥላ አለ፣ ወንበር አለ፣ ሰው አረፍ ይላል። እናንተ ጋ ሰው እንደ በርበሬ ፀሐይ ላይ ይሰጣል። አባባ ይፍረድ፤ እኔ ፍርዱን አልፈራም።

እህትሽ ማሚት


ሴንት ሉዊስ ፓርክ፣ ኦገስት 4፣ 2025

ለእትዬ ማሚት፣

መጀመሪያ የሆንኩትን ልንገርሽና ሳቂብኝ። ወይም አትሳቂብኝ።

ደብዳቤሽን ሐሙስ አነበብኩ፣ አላመንኩሽም። ቅዳሜ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ተኩል በራችን ተንኳኳ። ቂርቆስ ባስ ሊነዳ ሌሊት ወጥቷል። በቀዳዳው ሳይ የዕድራችን ሊቀመንበር አቶ ሐብተማርያም ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ቆመዋል። ሦስቱም ጥቁር ኮት ለብሰዋል፣ ሦስቱም መሬት መሬት ያያሉ። እትዬ፣ በዚያ ሰዓት፣ በዚያ አኳኋን ሰው ቤት የሚመጣው ለምንድን ነው? በሩን ከፍቼ «አባቴን!» ብዬ ኮሪደሩ ላይ ተዘረጋሁ። ደረቴን መታሁ። ፊት ለፊታችን ያለችው አሜሪካዊት 911 ልትደውል ስልኳን ይዛ ወጣች።

አቶ ሐብተማርያም ምስኪኑ «ልጄ፣ ወንበር ፈልገን ነው! ወንበር!» ይላሉ። የዕድሩ ታጣፊ ወንበሮች እኛ ስቶር ውስጥ ናቸው፤ ዩኒቨርሲቲ አቬኑ ያለው አዳራሽ ውስጥ ክርስትና ኖሮ ሊወስዱ መጥተው ነው። ቂርቆስ ሊነግረኝ ረስቷል። መሬት የሚያዩት ደረጃው እርጥብ ስለነበር ነው። ከዚያ ተነስቼ፣ እንባዬን ጠርጌ፣ ሠላሳ ወንበር አብሬ አወጣሁ። ውርደቴን ባየሽው!

ያን ቀን ባይሳን «ቀስቅሰው» አልኩት። አባባ መጣ።  «ሠንጠረዡ የታለ? ተከራካሪ ወገኖች እያጓተታችሁኝ ነው» አለኝ። ደህና ነው፣ ሬዲዮም ይሰማል። ይቅርታ አድርጊልኝ እትዬ፤ በአባባ ጉዳይ እውነትሽን ነበር።

ግን እሑድ ሠንጠረዡን ፎቶ አንስቼ ልልክለት ቁጭ ብዬ አነበብኩት። ሶልያና «ማን ምን ተሳፈረ» የሚል ረድፍ አላት። ሻኮፒ፣ አክስቴ ማሚት፣ ዘጠኝ። ካንሳስ ሲቲ፣ አክስቴ ማሚት፣ ዜሮ። አጠገቡ ወንበር ላይ የተቀመጠች ሴት ሥላለች። እጇ ጉልበቷ ላይ አይደለም። ደረቷ ላይ ነው። ልጅቷን ጠየቅኳት፤ በእንግሊዝኛዋ «አክስቴ መተንፈስ ከበዳት፣ ለእማዬ እንዳትነግሪ አለችኝ» አለች።

አምና የእንጨቱን ሦስት ጊዜ ደጋግመሽ የተሳፈርሽው አንቺ ነሽ። እኔ ሆዴ ታመመ ስል «ፈሪ!» ብለሽ የጎተትሽኝ አንቺ ነሽ። እኔ ሞኟ ቢሾፍቱ ቢሾፍቱ ስል፣ ለካ የምፈራው ነገር አጠገቤ ቦርሳዬን ይዞልኝ ተቀምጦ ነበር።

ምንድን ነው እትዬ? መስቀልሽን ለልጅ የሰጠሽው ምን ብለውሽ ነው? አሁን በእማዬ አፈር ይዤሻለሁ። እውነቱን ጻፊ።

ዮሐና


ካንሳስ ሲቲ፣ ኦገስት 9፣ 2025

ለዮዲዬ፣

ቆመሽ ከሆነ ተቀመጪ። ከተቀመጥሽ ውኃ ጠጪ።

በእማዬ አፈር የያዝሽኝ ባታደርጊው ጥሩ ነበር፤ ግን አደረግሽው። የልቤ አንዱ ቫልቭ አልዘጋ ብሏል። ከፋሲካ በኋላ ደረጃ ስወጣ ያፍነኝ ጀመር፣ ውፍረት ነው ብዬ ተውኩት። ሐኪሙ ግን ደረትሽ ተከፍቶ መጠገን አለበት አለ። ኦገስት 21 ነው፣ ሐሙስ። ይኸው ነገርኩሽ።

ቀኑን ያወቅሁት እናንተ ከመምጣታችሁ ሁለት ሳምንት በፊት ነው። አሳምነው ንገሪያት አለኝ፣ እምቢ አልኩ። ብነግርሽ ፓርክ ትሄጂ ነበር? ሳሎን ቁጭ ብለሽ እያየሽኝ ታለቅሺ ነበር። እኔ ደግሞ ልጅቷ ስትስቅ ማየት ፈለግሁ። የምትፈልጊው እውነት እሱ ነው። ፈርቼ ነበር፣ አሁንም ፈርቻለሁ፤ ሻኮፒ ላይ ፈሪ ያልኩሽን ይቅር በይኝ።

ረጅሙ ባቡር ጋ አርባ ደቂቃ አብሬሽ ተሰልፌ በሩ ላይ የተመለስኩት ትዝ ይልሻል? እዚያ ተለጥፏል፦ የልብ ሕመም ያለበት አይሳፈር። አምና ሻኮፒ ላይ ያንኑ ማስታወቂያ እያነበብኩ ስቄ ገብቻለሁ። ያው ጽሑፍ፣ ያው ቀለም። ዘንድሮ እግሬ አልሄድ አለኝ።

ፍልሰታ ገብቷል፤ ሐኪሙ አትጾሚም ስላለኝ በሱም ከፍቶኛል። አንቺ ጹሚልኝ።

አሁን እንዳትመጪ። ያለሽን ዕረፍት ለፓርክ ጨርሰሻል፣ ሥራሽን አታበላሺ። ከሆስፒታል ስወጣ ነው ሰው የሚያስፈልገኝ። ለአባባ ትንፍሽ እንዳትዪ፤ ሰማንያ አንድ ዓመቱ ነው፣ አይችለውም። ድኜ ስመለስ እኔው እነግረዋለሁ።

አንድ ነገር ግን እንማማል። ከዚህ ወዲያ እኔና አንቺ አንደባበቅም። ምንም ቢሆን፣ የማንም ቢሆን። እሺ?

ማሚት


ሴንት ሉዊስ ፓርክ፣ ኦገስት 15፣ 2025

ለእትዬ ማሚት፣

እሺ። በማርያም እምላለሁ፣ አንደባበቅም።

ሦስት ቀን ተናድጄብሽ ነበር፤ በአራተኛው አለቀልኝ። መስቀሉን በዚሁ ፖስታ መልሼ ልኬልሻለሁ። ገና ውርስ አታከፋፍዪ። ቢከለክሉሽ ትራስሽ ሥር አድርጊው። ሶልያና «አክስቴ ስትድን ራሷ ታጥልቅልኝ» ብላለች።

አባባ ሠንጠረዡ ደርሶት ድምፅ ልኳል። ባይሳ እያነበበለት፣ እሱ መነጽሩን እየፈለገ፣ እንዲህ አለ፦ «ከሳሽና ተከሳሽን ሰምተናል። የማሚት ዜሮ ግን ግልጽ አይደለም፤ ማብራሪያ ይቅረብ። ውሳኔው ለእንቁጣጣሽ ተቀጥሯል። እስከዚያ ከሁለታችሁ አንዳችሁም አሸነፍኩ እንዳትሉ፣ ችሎት መድፈር ነው።» ደውዬ ለዜሮው ጉልበቷን ነው አልኩት። «ጉልበት» ብሎ ደገመና ስልኩን ለባይሳ ሰጠው። የገባው መሰለኝ፣ እንጃ።

በሰላም ውጪልኝ። ፍርዱን ለመስማት መዳን አለብሽ፣ ደግሞ መሸነፍሽ አይቀርም።

ዮዲ


ሴንት ሉዊስ ፓርክ፣ ሴፕቴምበር 1፣ 2025

ለጋሽ አሳምነው፣

እትዬ ዓርብ ቤቷ ገባች ሲሉኝ እልል አልኩ። እግዚአብሔር ይመስገን። ይህን ግን ለብቻዎ አንብበው ይቅደዱት።

አባታችን ቅዳሜ አረፈ። ምንም አላመመውም፤ ከሰዓት ጋደም እንዳለ ነው። ባይሳ ሻይ ይዞለት ገብቶ ነው ያገኘው። ትናንት ቀበሩት።

እኔን ያረዱኝ ትናንት ጠዋት ነው። አቶ ሐብተማርያም ያንኑ ኮታቸውን ለብሰው፣ ከነዚያው ሁለት ሽማግሌዎች ጋር መጡ። እኔ በሩን ከፍቼ «ወንበሮቹ ስቶር ናቸው፣ ቁልፉን ላምጣ» አልኳቸው።  ቁልፉን ይዤ ስመለስ አቶ ሐብተማርያም እያለቀሱ ነበር።

ሐኪሙ ስድስት ሳምንት ደረቷ እንዳይናወጥ፣ እንዳታለቅስ ብሏል ብለውኛል። ስለዚህ እንያዝላት። ፌስቡኳን ያጥፉ፤ ቢሾፍቱ ልደውል ካለች ኔትወርክ የለም ይበሉ። ሲፈቀድ ቂርቆስና እኔ ሰው ይዘን እንመጣለን። ምንም እንዳልደብቃት ምዬላት ነበር፤ መሐላዬን እግዜር ይፍታኝ።

ዮሐና


ሴንት ሉዊስ ፓርክ፣ ሴፕቴምበር 5፣ 2025

ለውዷ እህቴ ለእትዬ ማሚት፣

እንኳን ለቤትሽ አበቃሽ! ጋሽ አሳምነው ለሦስት ደቂቃ በእግርሽ ሄደሽ ሾርባ ጠጣሽ ብሎ ጻፈልን። ስትስዪ ደረትሽ ላይ የምታቅፊውን ትራስ ፎቶ ሶልያና አይታ በጣም ስቃለች። እኛ ሁላችንም ደህና ነን፤ ከቤት ሁሉም ሰላም ይሉሻል።

ስለ ፓርኮቹ ጉዳይ በጋሽ አሳምነው ላስጻፍሽው መልስ ልስጥ። በደንብ አስቤበታለሁ። የእናንተው ጥላ በእውነት ጥሩ ነው። እኛ ጋ ከቀትር በኋላ መቆሚያ የለም። መጸዳጃውም የእናንተ ይቀርባል። ዳገት ያልኩት እኔ ስለሰነፍኩ ነው እንጂ ዳገቱ እንኳ ዕይታ አለው። የእንጨቱም ቢሆን የእናንተው ሲዞር በዛፍ መሀል ነው፣ ያምራል። የኛው ወገብ ያማል። ስለዚህ እትዬ፣ ቀጠሮ ምን ያደርግልናል፣ ያንቺው ይበልጣል። አሸንፈሻል። እኔ ተቀብያለሁ።

አንቺ ብቻ በደንብ ብዪ፣ በደንብ ተኚ። ምንም ነገር አታስቢ። ስልክም አታብዢ፣ ያደክማል። በጣም እወድሻለሁ።

ታናሽሽ ዮሐና


ካንሳስ ሲቲ፣ ሴፕቴምበር 12፣ 2025

ለዮዲዬ፣

ጽሑፌ አያምርም። በአሳምነው እጅ ላስጽፍ አልፈለግሁም።

ደብዳቤሽ ማክሰኞ ደረሰኝ። መጀመሪያ ሳነብ ደስ አለኝ፣ ለአሳምነው «አሸነፍኩ!» ብዬ ጮህኩ። እሱ ወደ ጓዳ ገባ። ሁለተኛ አንብቤ አጠፍኩት። ሦስተኛ አላነበብኩም።

አንቺ ልጅ፣ በአርባ ዓመትሽ አንድ ቀን ተሸንፈሽልኝ አታውቂም። ቆሎ ስንካፈል እንኳ እስከ መጨረሻዋ ፍሬ ነው የምትከራከሪው። ወገብ ያማል አልሽ፤ ያን የእንጨት ባቡር! ያኔ እኔ ደግ ብሆንብሽ መርዶ ነው ብለሽ ኮሪደር ላይ የተዘረጋሽ ልጅ፣ አሁን አንቺ ደግ ስትሆኚብኝ እኔ የማይገባኝ ይመስልሻል?

ፍርዱ ደግሞ ያንቺ አልነበረም። ለእንቁጣጣሽ የተቀጠረ ነበር። አባባ እያለ ከቀጠሮው በፊት ፈርደሽ በሰላም የምታድሪ አይደለሽም። ሆኖም ጠበቅሁ። ትናንት ሙሉ ቀን፣ አበባ በአሳምነው ስልክ ሲመጣ፣ ሰው ሁሉ እንኳን አደረሳችሁ ሲል፣ ጠበቅሁ። ችሎቱ አልተሰየመም። ማታ አሳምነውን «አባባ መቼ ነው?» አልኩት። ከሆስፒታል በወጣሽ ማግስት፣ ቅዳሜ አለኝ።

አሳምነውን አትቆጪው፣ አንቺንም አልቆጣሽም። እኔ ባስተማርኩሽ ነው የሠራሽው። ግን አሸናፊነቱን አልቀበልም። መዝገቡ ክፍት ይሁን። ሌላ ዓመት እኔም ተሳፍሬ፣ ዜሮዬን አስፍቄ፣ እንደገና እንከራከራለን።

ስድስት ሳምንት አልጠብቅም። ነይ። ወንበርም አታምጡ፣ እኛ ጋ አለ። አሁን ዋጥ አድርጌ ይዤዋለሁ፤ ብቻዬን ካለቀስኩ ስፌቱ ይተረተራል ብለው አስፈራርተውኛል። ትራሱን ደረቴ ላይ ጠበቅ አድርጎ የሚይዝልኝ ሰው ካለ ግን ማልቀስ እችላለሁ፤ ነርሷን ጠይቄያለሁ። ፓርክ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ቦርሳሽን ይዤልሽ ነበር። አንቺ ደግሞ መጥተሽ ትራሴን ያዢልኝ።

እህትሽ ማሚት